ማዕዘን የሌላቸው ፊደሎች

ጫፋቸው የተድቦለቦለ ወፋፍራም የላቲን ፊደሎች ሲነሱ ብዙ ሰው የሚያስበው የልጆች መጽሐፍና የከረሜላ ማሸጊያ ነው። ቫግ ራውንድድ የተባለው የዚህ ዓይነት ፊደል ታሪክ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመለክታል። ፊደሉ እ.ኤ.አ. በ1979 የተሠራው የቮልስዋገንንና የኦዲን ሽያጭና ጥገና በአንድ ጣሪያ ሥር ላመጣው ቪ.ኤ.ጂ. ነው። ነዳፊዎቹ ደግሞ የብሪታንያን ባቡር ባለሁለት ቀስት ዓርማ የሣለው ጄሪ ባርኒና ባልደረቦቹ ናቸው። ቮልስዋገን ፉቱራ በተባለው ፊደል ይታወቅ ስለነበር፣ ለጋራው ድርጅት እሱኑ መምረጥ ኦዲን ማስከፋት በሆነ ነበር። ክቡ ጫፍ ከማንም ያልወገነ መልክ ሰጠ። ለሥራም ይመቻል፤ ከውስጡ መብራት በሚበራ ሰሌዳ ላይ ሹል ማዕዘን በብርሃኑ ይደበዝዛል፣ ከመጀመሪያው የተድቦለቦለ ፊደል ግን የሚያጣው ነገር የለም።

«የዘመኑ ፋሽን ነበር እንጂ ሌላ ምን አለው?» የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል፤ መሠረት የሌለውም አይደለም። ፍራንክፈርተር የተባለው ክብ ጫፍ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1970 ወጥቷል፣ ሄልቬቲካ የተባለው ፊደልም ክብ ጫፍ ያለው ዝርያ ነበረው። ይሁንና ፋሽን የቫግ ራውንድድን መወለድ ቢያስረዳም ዕድሜውን አያስረዳም። ፍራንክፈርተር የጨዋታ መልኩን ይዞ በማስታወቂያ ላይ ቀረ (ስሙንም ከቋሊማ የወሰደ ፊደል ከዚህ የተለየ ዕጣ ሊጠብቅ አይችልም)። ቫግ ራውንድድ ግን ከመኪና መሸጫ ወጥቶ እስከ እ.ኤ.አ. 2015 ገደማ ድረስ በአፕል ኮምፒውተሮች የቁልፍ ሰሌዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። ልዩነቱ ከአጥንቱ ነው፤ የቫግ መስመር ወጥ ውፍረት አለው፣ የፊደሎቹም ውስጣዊ ክፍተት ሰፊ ነው። ስለዚህ በአንዲት ጣት በምትሸፍነው ቁልፍ ላይ እንኳ ሳይጨናነቅ ይነበባል።