የአራዳ ቅዳሜ እና የአፄ ገላውዴዎስ መልስ

«ሰው የሚጸድቀው በእምነት ነው ወይስ ሕግን በመፈጸም?» የሚለው ጥያቄ በሀገራችን ሲነሣ፣ ብዙ ሰው ሚሲዮናውያን ይዘውት የመጡ አዲስ ሙግት ይመስለዋል። አንዱ ወገን «እናንተ በጾምና በሥርዓት ብዛት ጽድቅ ይገኛል ትላላችሁ» ይላል፤ ሌላው «እናንተ ደግሞ እምነትን በአፍ ይዛችሁ ሥራውን ጣላችሁት» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። ይህ ጥያቄ በኢትዮጵያ ምድር ደም አፍስሷል፣ ንጉሥም ከዙፋን አውርዷል። ከ460 በሚበልጡ ዓመታት በፊትም አንድ ኢትዮጵያዊ ንጉሥ በራሱ ስም፣ በግዕዝ ቋንቋ፣ በጽሑፍ መልስ ሰጥቶበታል። ያንን መልስ ለመረዳት ከአራዳ መነሣት ይበጃል።

የአራዳው ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ የአድዋ መታሰቢያ ነው። ድሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ተገኘ፤ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም፣ አፄ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ዘውድ የደፉት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከቅጥሩ ደጃፍ ደግሞ የአዲስ አበባ ዋና ገበያ ይቆም ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ እስኪያዛውረው ድረስ፣ እህሉም፣ ከብቱም፣ ጨርቁም፣ አሞሌውም የሚሸጠው አራዳ ላይ ነበር። ገበያው ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ የሚደምቀው ደግሞ ቅዳሜ ነበር።

ለመሆኑ ቅዳሜን «ቀዳሚት ሰንበት» ብላ የምታከብር ቤተ ክርስቲያን፣ በዚያው ዕለት ከደጃፏ የዋና ከተማው ታላቅ ገበያ ሲቆም እንዴት ዝም አለች? ነገሩ በችላ ባይነት የሚታለፍ አይደለም። ስለ ቅዳሜ ሲሉ አባቶች ተሰድደዋልና።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኤዎስጣቴዎስ ሁለቱም ሰንበታት፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ሊከበሩ ይገባል ብለው አስተማሩ። የእስክንድርያ መንበርና ከዚያ የሚላኩት ጳጳሳት ግን ቅዳሜን ማክበር የአይሁድ ሥርዓት ነው ብለው ከለከሉ። ኤዎስጣቴዎስ ከሀገር ወጥተው በስደት በአርመን ምድር ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸውም ለረጅም ዘመን ከቤተ ክህነቱ ተገፍተው ኖሩ። በመጨረሻ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰብስበው ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ አስወሰኑ፤ የተሰደደው ትምህርት የመንግሥት ሥርዓት ሆነ። እኚሁ ንጉሥ ግን፣ ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው ብለው የታዘዙትን ስግደት እንቢ ባሉት በደቂቀ እስጢፋኖስ ላይ ከባድ ቅጣት ፈጸሙ። አምልኮ የዙፋን ትእዛዝ ሲሆን፣ ትናንት የተገፋውን ያነሣው እጅ ዛሬ ሌላውን ሊገፋ እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

ክርክሩ ባሕር የተሻገረው በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ነው። የንጉሡ መልእክተኛ አባ ጸጋ ዘአብ እ.ኤ.አ. በ1527 ሊዝበን ደረሱ። የፖርቱጋል ሊቃውንት ቅዳሜን ስለምታከብሩ፣ ስለምትገዘሩ አይሁዳውያን ናችሁ አሏቸው፤ ቅዱስ ቁርባንንም ከለከሏቸው። መልእክተኛው እ.ኤ.አ. በ1534 የሀገራቸውን ሃይማኖት የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጁ። ዳሚያዎ ደ ጎይስ የተባለው ፖርቱጋላዊ ጽሑፉን ወደ ላቲን መልሶ እ.ኤ.አ. በ1540 አሳተመው፤ የፖርቱጋል የሃይማኖት መርማሪ ጽሕፈት ቤት ግን መጽሐፉ በሀገሩ እንዳይሰራጭ አገደ። የሚገርመው፣ ጸጋ ዘአብ ሊዝበን ላይ ከቁርባን ተከልክለው በሚጽፉበት በዚያው በ1534፣ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከማርቲን ሉተር ጋር ስለ ሃይማኖት ተወያይቷል። ሉተር «በእምነት ብቻ» የሚለው ትምህርት ዋና አስተማሪ ሆኖ ሳለ፣ የኢትዮጵያውያን ሥርዓት ከእርሱ ዘንድ ቢለይም የእምነትን አንድነት አያፈርስም በማለት ዲያቆኑን በወንድምነት ተቀበለው። አንዱ ሥርዓትን አይቶ ሲያወግዝ፣ ሌላው ሥርዓትን አልፎ እምነትን ተመለከተ።

ወደ አፄ ገላውዴዎስ እንምጣ። ንጉሡ ዙፋናቸውን ያጸኑት እ.ኤ.አ. በ1543 በወይና ደጋ ጦርነት ኢማም አሕመድን ድል ካደረጉ በኋላ ነው፤ በዚያ ጦርነት የፖርቱጋል ወታደሮች አብረዋቸው ተዋግተዋል። ስለዚህ ጎንሳሎ ሮድሪገስ የተባለው ኢየሱሳዊ ቄስ በ1555 መጥቶ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን «ስሕተቶች» ናቸው ያላቸውን ጽፎ ሲያቀርብ፣ ንጉሡ ከባድ ፈተና ላይ ወደቁ። ባለ ውለታን ማስቀየም አለ፤ የአባቶችን ሃይማኖት መጣልም አለ። እርሳቸው ሦስተኛውን መንገድ መረጡ፤ በሰኔ 1547 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1555) የሃይማኖት መግለጫቸውን አወጡ።

የመግለጫው ፍሬ ነገር አጭር ነው። ቅዳሜን የምናከብረው ውኃ እንደማይቀዱት፣ እሳት እንደማያነዱት አይሁድ አይደለም፤ በቅዳሴና በማዕድ ነው፤ ክብሩም ከእሑድ ጋር አይስተካከልም ይላል። ግዝረት ቅዱስ ጳውሎስ እንዳስተማረው ለጽድቅ አይጠቅምም፣ አለመገረዝም እንዲሁ፤ የሚጠቅመው በክርስቶስ ማመንና አዲስ ፍጥረት መሆን ነው፤ እኛ ዘንድ ያለው ግዝረት በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደ መብጣት ያለ የሀገር ልማድ ነው ይላል። የዓሣማ ሥጋን በተመለከተም የሚበላውን አንጠላም፣ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድድም ብሎ ይደመድማል።

ልብ እንበል! ንጉሡ ልማዱን አልጣሉትም፤ የጽድቅ መለኪያም አላደረጉትም። ይህን ስል ገላውዴዎስን ፕሮቴስታንት ማድረጌ አይደለም፤ ያለ ሥራ እምነት ሙት እንደ ሆነ የሚያስተምረው የያዕቆብ መልእክት በቤተ ክርስቲያናቸው የሚነበብ ነበር። ቁም ነገሩ፣ ሥርዓት የእምነት ልብስ እንጂ የድኅነት ዋጋ አይደለም ማለታቸው ነው። የአራዳም ቅዳሜ ምሥጢር ይኸው ይመስለኛል። በብዙ የገጠር አካባቢ ቅዳሜ ሞፈርና ቀንበር አይነሣም፣ ገበያ ግን ይቆማል። የአራዳው ነጋዴ የገላውዴዎስን ጽሑፍ አንብቦ አልነበረም ጓዙን የሚዘረጋው፤ ጽሑፉ ሕዝቡ የሚኖረውን ኑሮ ስለ ገለጸ ነው።

ከዚህ መንገድ የወጣው አፄ ሱስንዮስ ምን እንደ ደረሰበት የታወቀ ነው። ካቶሊክነትን ተቀብሎ ቅዳሜንና ግዝረትን በዐዋጅ ከለከለ። ሕዝቡ ዐመፀ፤ ወንድም ከወንድሙ ተላለቀ፤ በመጨረሻም በሰኔ 1624 ዓ.ም የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጆ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። የሚያስተዛዝበው፣ ኢትዮጵያውያንን ከ«ሕግ ባርነት» እናወጣለን ያሉት ሰዎች መሣሪያቸው ሌላ ሕግ መሆኑ ነው። ቅዳሜን አክብር ብሎ ማስገደድ ባርነት ከሆነ፣ አታክብር ብሎ በሰይፍ ማስገደድ ነጻነት ሊሆን አይችልም።

ሕግ ስንል የሙሴን ሕግ ብቻ ማለታችን አይደለም። ከአራዳ ጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ቆሟል። እኚህ አባት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም የተረሸኑት ያለ ፍርድ አልነበረም፤ የወራሪው ችሎት በወራሪው ሕግ ፈርዶባቸው ነው። አርበኞችን አውግዘው ቢታዘዙ ኖሮ በዚያ ሕግ ፊት «ጻድቅ» ይባሉ ነበር። ሕዝቡ ግን ሰማዕት አላቸው። ለሕግ መታዘዝና ጻድቅ መሆን ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ የአዲስ አበባ ሰው የተማረው ከነገረ መለኮት መጽሐፍ ሳይሆን ከዚህ አደባባይ ነው።

ሀገሪቱም ቀስ በቀስ የገላውዴዎስን ጥበብ ወደ ሕጓ ለማስገባት ሞክራለች። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የሚሲዮኖች ዐዋጅ ሀገሩን ሚሲዮን በሚሰብክበትና በማይሰብክበት ቀጠና ከፈለ፤ አዲስ አበባ ክፍት ከተባሉት ወገን ሆነች። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ደነገገ። ይሁን እንጂ አንቀጽ የልብን ሚዛን አያስተካክልም። ጎረቤቱን በሚጾመው የቀን ብዛት የሚመዝን ሰው፣ ባለመጾሙ ብቻ ነጻ የወጣ ከሚመስለው ሰው አይለይም፤ ሁለቱም ጽድቅን የሚለኩት በሥርዓት ነው፤ አንዱ በመፈጸም፣ ሌላው በመተው።

በ2016 ዓ.ም ብዙዎቹ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ የሰፈሩ መልክ ተለውጧል። ሆኖም በዚህች ከተማ ረቡዕ ቀን በአንድ ማዕድ ዙሪያ የጾም በያይነቱና ጥብስ ጎን ለጎን ሲቀርቡ ማየት ዛሬም ብርቅ አይደለም። የሚጾመው የማይጾመውን አይጠላም፤ የማይጾመውም የሚጾመውን አያስገድድም። ገላውዴዎስ ለፖርቱጋሎች የመለሰው መልስ ይኸው ነበር። በየመድረኩ ስለ ሃይማኖት የምንሰዳደብ ምሁራን ከዚያ ማዕድ ብንማር ምን ይጎድልብናል?