ኪሮሽ፣ ዳንቴልና የእናቴ ብርድ ልብስ

ባለፈው ዓመት ለትንሣኤ ሞጣ በሄድኩ ጊዜ ታላቅ እህቴ (እኛ ቤት «እቴቴ» ነው የምንላት) የእናታችንን የቆርቆሮ ሳጥን ከፈተችልኝ። ከጥበብ ቀሚሱና ከነጠላው ሥር፣ በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ የብል መድኃኒት የሚሸት ብርድ ልብስ ወጣ። አልጋው ላይ ዘርግተን ቆጠርነው። ወደ ጎን 11፣ ወደ ታች 14 ካሬ። በየካሬው መሐል አንድ አበባ አለ። ሒሳቡ 154 ይመጣል። በእጅ የተሠሩት ግን 150 ናቸው። በአንደኛው ማዕዘን የአራት ካሬ ቦታ በአቡጀዲ ተጥፏል።

የአራቱን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ። በቅድሚያ ግን ለብዙ ዓመት ሳልጠይቀው የኖርኩት ጥያቄ ያን ዕለት መጣብኝ። ይህ አበባ ሞጣ ምን አደረሰው?

ሥራውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ክሩ በኪሮሽ ጫፍ እየተሳበ ትንሽ ቀለበት ይሆናል። በቀለበቱ ውስጥ እየተመላለሰ የአበባው እምብርት ይወጣል። የእናቴ እምብርት ሁልጊዜ ቢጫ ነበር፤ «አደይ» ትለዋለች። ከዚያ ክር ይለወጥና ቀዩ ቅጠል ይከተላል። ከቀዩ ውጭ አረንጓዴ ዙር አለ፤ እዚህ ላይ ነው ክቡ አራት ማዕዘን የሚሆነው፤ በአራት ቦታ ላይ ክሩን ላላ አድርጎ ማዕዘን ማስጨበጥ ያስፈልጋል። የመጨረሻው ዙር ጥቁር ነው። ጥቁሩ ከሌለ አበቦቹ እርስ በርስ ይጣላሉ ትል ነበር። አንዱ ካሬ ስንዝር አይሞላም። በፋኖስ ብርሃን፣ ወጡ እስኪበስል ድረስ እየተነሡ እየተቀመጡ፣ ሁለት ከተሠራ ጥሩ ምሽት ነው።

መልሱን መፈለግ የጀመርኩት ከቃሉ ነው። ኪሮሽም ዳንቴልም አማርኛ አይደሉም። ሁለቱም ፈረንሳይኛ ናቸው፤ የመጀመሪያው ትንሽ መንጠቆ፣ ሁለተኛው ትንሽ ጥርስ እንደማለት ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጣሊያን በየጋራዡ ፒንሳና ካቻቢቴ፣ በየመንገዱ ጎማና ፍሬን ትቶልን ሄዷል። የኪሮሽ ሥራ በጣሊያን ጊዜ የመጣ ቢሆን ኖሮ ስሙ «ኡንቺኔቶ» ወይም እሱን የመሰለ ነገር በሆነ ነበር። ስለዚህ ከጣሊያን በፊት፣ ፈረንሳይኛ በሚናገሩ አስተማሪዎች እጅ ገብቷል ብዬ አምናለሁ። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር የፈረንሳይ ሸቀጥ ያመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተው የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤትም ፈረንሳዊት ዲሬክተር ነበረችው። ከፊደልና ከቁጥር ጋር የእጅ ሥራ ለሴት ልጅ ትምህርት ሆኖ ሲቆጠር፣ መርፌውም ኪሮሹም ከነስሙ ተማረ።

ለነገሩ በፈረንጅ አገርም ቢሆን ጥንታዊ ነው የሚባል ሥራ አይደለም። ሽመና ከታሪክ በፊት ጀምሮ የነበረ ነው። ኪሮሽ ግን አሠራሩ ታትሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1823፣ በአንድ የሆላንድ መጽሔት ላይ ነው። በ1840ዎቹ አጋማሽ የአየርላንድ ድንች በበሽታ ሲያልቅና ሕዝቡ በረኃብ ሲረግፍ፣ መነኮሳይያት ለሴቶችና ለልጆች የኪሮሽ ዳንቴል አስተማሩ፤ ዳንቴሉ ለሀብታም አንገትና እጅጌ እየተሸጠ ለብዙ ቤት እንጀራ ሆነ። ፈረንጆቹ «የአያት ካሬ» የሚሉት፣ የእናቴ ብርድ ልብስ የተሠራበት ዓይነት ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1885 «ፕሬሪ ፋርመር» በተባለ የአሜሪካ ገበሬዎች መጽሔት ላይ ወጥቶ ይገኛል። ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ይኸ እንግዲህ ለታሪክ ትናንት ነው። የአሜሪካን ሴቶች ካሬ በካሬ ያሠራቸው ምክንያትም የእናቴ ምክንያት ነው። ሙሉ ብርድ ልብስ የሚያወጣ ክር ባንድ ጊዜ ከየት ይመጣል? ቁራጭ ክር ግን ለአንድ ካሬ ይበቃል። ካሬው ተሠርቶ ይቀመጣል፤ ሌላው ክር ሲገኝ ሌላው ይሠራል፤ በመጨረሻ ይሰፋል።

እናቴ እስከ አራተኛ ክፍል ተምራለች። ኪሮሽ ያስተማረቻት ከአዲስ አበባ የመጣች የባልትና አስተማሪ ናት። ባልትና በዚያ ዘመን ለሴት ተማሪዎች የሚሰጥ ትምህርት ነበር። ታዲያ አስተማሪዋ የምታውቀው ነጩን ዳንቴል ነው፤ ለጠረጴዛ፣ ለሬዲዮ፣ ኋላም ለቡፌና ለቴሌቪዥን ልብስ የሆነውን። (ያገራችን ሬዲዮ ዳንቴል ሳይለብስ የታየበትን ቤት እኔ አላስታውስም። ሬዲዮው ተበላሽቶ እንኳ ዳንቴሉ ይታጠብለት ነበር።) ዲ.ኤም.ሲ የሚል የተጻፈበት የፈረንሳይ የጥጥ ክር ከእናቴ ሳጥን ጠፍቶ አያውቅም። ሞጣ ግን ብርድ ነው። የጮቄ ነፋስ ለሚነፍስበት አገር በነጭ ጥጥ የተሠራ ጥርስ ምን ይረባል? ባለ አበባው የሱፍ ካሬ በእጅዋ የገባው ኋላ ነው፤ ከማን እንዳየችው አልነገረችንም።

ክሩም ከሱቅ አልመጣም። ከሰልባጅ ነው። በገበያ ቀን ክንዱ የተቀደደ፣ ደረቱ የተበላ የፈረንጅ ሹራብ ትገዛለች። ታጥባ፣ ስፌቱን በምላጭ ፈትታ፣ ክሩን ከጫፍ እየሳበች ታወጣዋለች። እኔ ሁለት እጄን ዘርግቼ ቆሜ እሷ ትጠመጥምብኛለች፤ ከእጄ ወጥቶ ልቃቂት ይሆናል። የመጀመሪያው ኪሮሿ ከተሰበረ የቄስ ጃንጥላ ሽቦ ተሞርዶ የተሠራ ነው። ሳጥኑ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም። አንዲት የአዲስ አበባ ወዳጄ ይህን ሳጫውታት «የጎጃም ሴት ሙያ ፈትልና ስፌት ነው፤ ኪሮሽ የፈረንጅ ነገር ነው» አለችኝ። ፈትል በእርግጥ የኛ ነው። ጥጡን በመዳመጫ ፈልፍሎ፣ በደጋን ነድፎ፣ በእንዝርት ፈትሎ ማውጣት እመቤትም ገረድም የሚሠሩት፣ የማያሳፍር የሴት ሥራ ነበር። ፈትሉ ከሴቲቱ እጅ ወጥቶ ሸማኔው ጉድጓድ ሲገባ ግን ክብሩ ይቀራል። ልብሱን እየለበስን ሠሪውን እንሰድባለን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውን በሽመናው፣ ቀጥቃጩን በቀጥቃጭነቱ መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ስድቡ ቢበዛ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣው ኪሮሽ ግን ገና ሲገባ «ባለሙያ ናት» የሚያሰኝ ሆነ። የእናቴን ዳንቴል ሲያደንቅ የዋለ እንግዳ፣ የለበሰውን ጋቢ የሠራለትን ሰው ስም ላያውቅ ይችላል። ይህን የምለው ኪሮሽን ለማሳጣት አይደለም፤ ሁለቱም ክር ናቸውና።

ሞጣን የመሠረተቻትም ሴት ናት። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል በ18ኛው መቶ ዓመት ሞጣ ጊዮርጊስን ተከለች፤ ከተማዋ በደብሩ ዙሪያ አደገች። የደብሩ መዛግብት የርስትና የጉልት ዝርዝር ይዘዋል፤ የታሪክ ምሁራንም አጥንተዋቸዋል። ማን ለማን መሬት እንደሰጠ እናውቃለን። በዚያው ዘመን በየጓዳው ማን ምን እንደፈተለ የሚያወራ መዝገብ የለም፤ ልብሱም አልቋል።

ወደ አራቱ ካሬዎች ልመለስ። የሸማና የኪሮሽ ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ይመጣል። ሸማ ድርና ማግ አለው፤ አንዱ ሌላውን ያስረዋል። ሲቀደድ ቁራጭ ጨርቅ ይሆናል እንጂ ወደ ልቃቂት አይመለስም። የኪሮሽ ሥራ ግን አንድ ክር በራሱ ዓይን ውስጥ እየገባ የሚሄድበት ነው። የመጨረሻውን ቋጠሮ ያገኘ ሰው ከሳበው የአንድ ምሽት ሥራ በሁለት ደቂቃ ክር ይሆናል።

የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ዓ.ም. ወጣ። ታላቅ ወንድሜ በ1978 ተጠራ። ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው እናቴ ክር ፍለጋ ሱቅ ዞረች፤ አልነበረም። ማታ ብርድ ልብሱን ካልጋዋ አንሥታ፣ የማዕዘኑን ስፌት በምላጭ ቆረጠች። አራቱን ካሬ ለየቻቸው። እጄን እንድዘረጋ ጠራችኝ። ጥቁሩ ወጣ፤ አረንጓዴው ወጣ፤ ቀዩ ወጣ። ቢጫው ጥቂት ስለነበረ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። ሌሊቱን ሁለት ሌሊት አድርጋ ኮፍያ ሠራች። ጥቁሩ የበዛ፣ ቀይና አረንጓዴ መቀነት ያለው፣ ጫፉ ላይ ቢጫ። እቴቴ «በዚህ መልኩ ወታደር ያደርገዋል እንዴ?» ስትላት፣ «ከቆቡ ሥር ያደርገዋል» አለቻት።

አንድ ደብዳቤ ከሰሜን መጣ። ብርዱ እንደ ሞጣ ነው፣ ኮፍያዋ ደኅና ናት ይላል። ሁለተኛ አልመጣም። ጦርነቱ አልቆ ሰዉ ሲመለስም እሱ አልመጣም።

ከዚያ በኋላ ክር አልጠፋም። ገበያው በቻይናና በቱርክ ክር ተጥለቀለቀ። እናቴም ኪሮሽ አልተወችም፤ ለእቴቴ ልጆች ሁሉ ካልሲና ሹራብ ሠርታለች። ማዕዘኑን ግን አቡጀዲ ጣፈችበት እንጂ አበባ አልመለሰችበትም። ጠይቀናት አናውቅም።

የእቴቴ ታናሽ ልጅ ኪሮሽ ከስልኳ ላይ ነው የተማረችው። ቋንቋዋን የማታውቃት ሴትዮ እጅ እያየች ትሠራለች። ብርድ ልብሱን ስናጥፍ የማዕዘኑን ባዶ አየችና፣ «ጋሼ፣ አራት ካሬ እኮ ነው፤ ነገ ማታ እጨርሰዋለሁ» አለችኝ። እኔ እቴቴን አየኋት። እቴቴ ብዙ ዝም ካለች በኋላ፣ «ሥሪው፤ ግን አትስፊው» አለቻት።

ልጅቷ በአያቷ የጃንጥላ ሽቦ ሞክራ ክር ይነጥቃል ብላ ተወችው። በራሷ ቁጥር ባለው ኪሮሽ ሠራች። ቢጫው ከድሮው ይደምቃል፤ ጥቁሩ አንድ ነው። ወደ አዲስ አበባ በተነሣሁበት ጧት እቴቴ ብርድ ልብሱን ፀሐይ አስመትታ፣ አቡጀዲው ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርጋ አጠፈችው። አራቱን አዲስ ካሬ በፌስታል አድርጋ ላዩ ላይ አስቀመጠችና ሳጥኑን ቆለፈች።