የጄኔሬተርና የውኃ መሳቢያ ሞተር ቤንዚን ሲያፈስ፦ ምንጩን መለያና መጠገኛ መንገዶች

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ በሚዘልቀው የአዋሽ ሸለቆ አነስተኛ የቤንዚን ሞተር ለብዙዎች የዕለት ሥራ መሣሪያ ነው። በወንዙ ዳርቻ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና በቆሎ የሚያለሙ አርሶ አደሮች ውኃ የሚስቡት በሞተር ነው። በከተሞቹ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የሱቁ ማቀዝቀዣና የምግብ ቤቱ መብራት በጄኔሬተር ይሠራል። ከሰመራ ተነሥተው ወደ ኤርታሌ የሚጓዙ የአስጎብኚ መኪናዎችም ለድንኳን ሰፈር የሚሆን ጄኔሬተር ሊጭኑ ይችላሉ። ሞተሮቹ በመጠንና በአገልግሎት ቢለያዩም ነዳጅ የሚያልፍባቸው መንገድ ተመሳሳይ ነው፤ የሚያፈሱባቸው ቦታዎችም እንዲሁ።

አብዛኛው ፍሳሽ የሚመጣው ዋጋቸው አነስተኛ ከሆኑ የጎማ ክፍሎች ወይም በካርቡሬተር ውስጥ ከገባ ቆሻሻ ነው። ጉዳቱ የሚከፋው ምንጩ ሳይታወቅ ዕቃ ሲቀያየር፣ ወይም ሞተሩ እያንጠባጠበ ሥራው ሲቀጥል ነው።

ጠብታው ምን ያህል ያስከፍላል?

20 ያህል ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይሆናል። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ የሚጥል ሞተር በሰዓት ወደ 180 ሚሊ ሊትር፣ ሌሊትና ቀን ካፈሰሰ ደግሞ ከ4 ሊትር በላይ ቤንዚን ያባክናል።

ከገንዘቡ የሚበልጠው ግን የእሳት አደጋው ነው። ቤንዚን ተቀጣጣይ ትነት ለመስጠት ሙቀት አያስፈልገውም፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ይሰጣል። በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሞቀው የሰመራ አየር ደግሞ ትነቱ እጅግ ፈጣን ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም፤ መሬት ለመሬት ተጉዞ ጉድጓድና ቦይ ውስጥ ይተኛል። በወንዝ ዳር ዝቅ ባለ ቦታ ወይም በጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ የውኃ መሳቢያ ሞተር ስለዚህ ድርብ አደጋ አለው፤ የፈሰሰው ነዳጅ ትነትና ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ሽታ የለሽ መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ በአንድ ቦታ ይጠራቀማሉ። ሞተር ምንጊዜም በተናፋሽ ሜዳ ላይ፣ ከመኖሪያ ቤት በርና መስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ መቀመጥ አለበት።

ፍሳሽ የሚመስል ነገር ግን ፍሳሽ ያልሆነ

ቤንዚን ሲሞቅ ይሰፋል። ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር መጠኑ 2 በመቶ ገደማ ያድጋል። 15 ሊትር የሚይዝ ታንክ ጠዋት በቅዝቃዜ እስከ አፉ ከተሞላ፣ ቀትር ላይ ወደ 300 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ካጣ በክዳኑ በኩል ይወጣና በታንኩ ጎን ወርዶ ከሥር ይንጠባጠባል። ባለቤቱ ይህን አይቶ ካርቡሬተር ቢያስፈታ ድካሙ ከንቱ ነው። መፍትሔው ታንኩን ከአፉ ጥቂት ጣት አጉድሎ መሙላትና ሞተሩን በጥላ ሥር ማስቀመጥ ነው።

ከመነካቱ በፊት

የቤንዚን ሽታ ወይም እርጥበት ሲታይ የሚከተሉት ቅደም ተከተሎች ይጠበቃሉ፦

1. ሞተሩ ይጠፋል፤ የነዳጅ መዝጊያው ይዘጋል።
2. ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። የጭስ ማውጫው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ትኩስ ሆኖ ይቆያል።
3. ሲጋራ፣ ከሰል፣ ምድጃና የዕጣን ማጨሻ ከአካባቢው ይርቃሉ።
4. የካንዴላው ገመድ ይነቀላል፤ ባትሪ ያለው ከሆነ የባትሪው ገመድም ይፈታል።
5. ደረቅ አሸዋ ወይም የዱቄት እሳት ማጥፊያ በቅርብ ይዘጋጃል። የቤንዚን እሳት ላይ ውኃ አይደፋም፤ ቤንዚኑ በውኃው ላይ ተንሳፎ እሳቱን ያስፋፋል።

ምንጩን መፈለግ

ነዳጅ ከወጣበት ቦታ ይልቅ ከወደቀበት ቦታ ስለሚታይ ፍለጋው ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። በመጀመሪያ ታንኩ፣ ቱቦውና ካርቡሬተሩ በንጹሕ ጨርቅ ተጠርገው ይደርቃሉ። ከዚያም ሞተሩ ሳይነሣ መዝጊያው ይከፈትና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይጠበቃል። መጀመሪያ የረጠበው ቦታ የፍሳሹ ምንጭ ነው። መዝጊያው ተዘግቶ ሳለ እንኳ ከረጠበ ችግሩ ከመዝጊያው በላይ ወይም በራሱ በመዝጊያው ላይ ነው። ሲከፈት ብቻ ከረጠበ በቱቦው ወይም በካርቡሬተሩ ላይ ነው። ፍለጋው በቀን ብርሃን ይካሄዳል፤ በክብሪትም ሆነ በፋኖስ አይታይም።

ቱቦና ማሰሪያ

ጎማ በፀሐይና በሞተር ሙቀት ይደርቃል። ቱቦው ሲታጠፍ የፀጉር ያህል ቀጫጭን ስንጥቅ ካሳየ መቀየር አለበት። የተሰነጠቀው ጫፍ ብቻ ከሆነና ርዝመቱ ከፈቀደ ጫፉን ቆርጦ መልሶ ማስገባት ይቻላል። አዲሱ ቱቦ ለነዳጅ የተሠራና በውስጥ ስፋቱ ከአሮጌው ጋር እኩል መሆን ይኖርበታል። የውኃ ቱቦ ወይም የሕክምና ፕላስቲክ ቱቦ ለጊዜው ቢመስልም ቤንዚን ያደነድነዋል ወይም ያሳብጠዋል፤ ከዚያም በድንገት ይለቃል። ቱቦው በሁለቱም ጫፍ በፋሸታ ይታሰራል፤ በሽቦ ማሰር ጎማውን ይቆርጠዋል። የጭስ ማውጫውን እንዳይነካም ይስተካከላል።

ካርቡሬተር

በእነዚህ ሞተሮች ቤንዚን ከታንኩ በራሱ ክብደት ወደ ካርቡሬተሩ ሥር ወዳለው ትንሽ ጎድጓዳ ዕቃ ይወርዳል። በዕቃው ውስጥ ያለ ተንሳፋፊ ነዳጁ ሲሞላ ወደ ላይ ይነሣና አንዲት ሹል መርፌን ገፍቶ መግቢያውን ይዘጋል። አሠራሩ በቤት ጣሪያ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ካለው ተንሳፋፊ ኳስ ጋር አንድ ነው። የአሸዋ ቅንጣት ወይም የዝገት ቅርፊት ከመርፌዋ ሥር ከገባ፣ የመርፌዋ ጫፍ ከተበላ ወይም ተንሳፋፊው ተበስቶ ቤንዚን ከያዘ ነዳጁ መቆሚያ ያጣል።

እርጥበቱ በጎድጓዳው ዕቃ መጋጠሚያ ዙሪያ ወይም በሥሩ ባለው ቡሎን ላይ ከሆነ ጥፋቱ የማሸጊያው ጎማ ነው። ነዳጁ ከትርፍ ማስወጫው ወይም በአየር ማጣሪያው በኩል ከመጣ ግን ጥፋቱ የመርፌዋ ወይም የተንሳፋፊው ነው።

ለሁለተኛው ችግር መጀመሪያ የሚሞከረው ቀላሉ መንገድ ነው። በዕቃው ሥር ያለው የማፍሰሻ ቡሎን ተፈትቶ ነዳጁ በጣሳ ውስጥ ይንቆረቆራል፤ መዝጊያው ለአፍታ ተከፍቶም ቆሻሻው እንዲታጠብ ይደረጋል። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልቆመ ዕቃው ይወርዳል። ተንሳፋፊው ጆሮ አጠገብ ሲነቀነቅ የፈሳሽ ድምፅ ከሰጠ ተበስቷልና ይቀየራል። የመርፌዋ ጫፍ ላይ ቀለበት የመሰለ ጭረት ካለ እሷም ትቀየራለች። መቀመጫዋ በለስላሳ ጨርቅ እንጂ በሽቦ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አይጠረግም። መጋጠሚያውን በተራ ሲሊኮን መለጠፍም አያዛልቅም፤ ቤንዚን ያሳብጠዋል፤ ቁርጥራጩም ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

ወደ ዘይት የሚገባው ስውር ፍሳሽ

በመሬት ላይ ምንም ጠብታ ሳይታይ ታንኩ የሚጎድልበት ጊዜ አለ። መርፌዋ ሳትዘጋ ስታድር ቤንዚኑ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፤ በፒስተኑ ዙሪያም ወርዶ ከሞተር ዘይት ጋር ይቀላቀላል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ የዘይቱ መጠን ከመለኪያው ከፍተኛ ምልክት በላይ መሆኑ፣ ዘይቱ መቅጠኑና የቤንዚን ሽታ ማምጣቱ። ማስነሻ ገመዱ አልሳብ ማለቱም ሌላው ፍንጭ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር መነሣት የለበትም። የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት አይለይምና በአጭር ጊዜ ውስጥ ሞተሩን ይፈጀዋል። ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል፤ ከዚያ በፊት ግን የካርቡሬተሩ ጥፋት ይስተካከላል፤ አለበለዚያ አዲሱም ዘይት እንደ አሮጌው ይበላሻል።

የተበሳ ታንክና የናፍጣ ሞተር

በታንክ ላይ ያለን ቀዳዳ በሳሙና መለሰን ሞተሩን ከማሳው ወይም ከመንገድ ወደ ጋራዥ ለማድረስ ካልሆነ በቀር ጥገና ተብሎ አይቆጠርም። ታንኩን ወደ በያጅ መውሰድ ደግሞ ከሁሉ የከፋ አደጋ ሊያመጣ ይችላል፤ ባዶ የሚመስል ታንክ በትነት የተሞላ ነውና ብልጭታ ሲነካው ይፈነዳል። ለአነስተኛ ሞተር ታንኩን መቀየር ይመረጣል።

ትልልቅ ጄኔሬተሮች በናፍጣ ይሠራሉ። ናፍጣ እንደ ቤንዚን በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ በትኩስ ብረት ላይ ሲረጭ ግን ይነዳል። ወደ መርጫው የሚሄደው ቱቦ እጅግ ከፍተኛ ግፊት ስላለው ሞተሩ እየሠራ ፍሳሹን በእጅ መዳሰስ ክልክል ነው፤ ጨረሩ ቆዳ በስቶ ሊገባ ይችላል። ይህ ጥገና ለባለሙያ ይተዋል።

በመኪና ለሚጓዝ ጄኔሬተር

በመኪና ላይ የተጫነ ጄኔሬተር በመንገድ ንቅናቄ ቡሎኖቹ ይላላሉ፤ ተንሳፋፊውም ስለሚዘል ነዳጅ ያስገባል። ከመነሣቱ በፊት መዝጊያው ይዘጋል፤ ለሩቅ ጉዞ የካርቡሬተሩ ነዳጅ ይንቆረቆራል። ጄኔሬተሩ ቀጥ ብሎ ይታሰራል፤ ሰው በተቀመጠበት የመኪና ክፍል አይጫንም፤ መኪናው ውስጥ ሆኖም አይነሣም።

ከጥገና በኋላ

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ መዝጊያው ተከፍቶ 10 ደቂቃ ይጠበቃል። ሁሉም ደረቅ ከሆነ የፈሰሰው ተጠርጎ፣ ትነቱ እስኪበተን ተጠብቆ ሞተሩ ይነሣል፤ እየሠራም ለጥቂት ደቂቃዎች ይታያል። የተንቆረቆረው ነዳጅና ዘይት በክዳን ዕቃ ተይዞ ለጋራዥ ይሰጣል እንጂ በወንዝ ዳር ወይም በመስኖ ቦይ አይደፋም። አዋሽ ወደ ባሕር የማይደርስ፣ በአቤ ሐይቅ የሚያበቃ ወንዝ ነው፤ በላይኛው ማሳ የተደፋ ዘይት ወደ ታችኛው ማሳና ወደ ከብቶች መጠጫ ይወርዳል።

ሞተሩ በጠፋ ቁጥር መዝጊያውን መዝጋት፣ ቤንዚንን በወንፊት አጣርቶ መቅዳትና ሞተሩ ለሳምንታት የማይሠራ ከሆነ ታንኩንና ካርቡሬተሩን ማድረቅ ከዚህ በላይ ከተዘረዘሩት ችግሮች አብዛኞቹን ያስቀራሉ። ቱቦውንና ፋሸታውን በየዓመቱ ሙቀቱ ከመበርታቱ በፊት መመርመርም ከድንገተኛ ፍሳሽ ይጠብቃል።