በአዲስ ተሽከርካሪ ዋስትና ላይ የሚነሳ አለመግባባት፦ የገዢው መብትና የአቤቱታ አቀራረብ

አዲስ ተሽከርካሪ ሲሸጥ ሻጩ ወይም አምራቹ ለተወሰነ ዓመት ወይም ለተወሰነ ኪሎ ሜትር የሚጸና ዋስትና፣ በተለምዶ አጠራሩ ዋራንቲ፣ ይሰጣል። ከሁለቱ መለኪያዎች ቀድሞ የሞላው የዋስትናውን ዘመን ይዘጋዋል። ተሽከርካሪው ተበላሽቶ ዋስትናው ሥራ ላይ እንዲውል ሲጠየቅ ግን ሻጩ ብልሽቱ ከፋብሪካ የመጣ ሳይሆን በአጠቃቀም የደረሰ ነው፣ ወይም የተበላሸው ክፍል በዋስትናው አይሸፈንም በማለት ጥያቄውን የማይቀበልባቸው ጊዜያት አሉ። ይህ ጽሑፍ ለእንዲህ ያለ አለመግባባት ሕጉ ያስቀመጣቸውን መብቶች፣ መጠበቅ ያለባቸውን የጊዜ ገደቦችና አቤቱታ የሚቀርብበትን ሥርዓት ያብራራል።

የውል ዋስትናና የሕግ ጥበቃ

ብዙ ገዢዎች በእጃቸው ካለው የዋስትና ደብተር ውጭ ሌላ መብት ያላቸው አይመስላቸውም። በእርግጥ ግን ሁለት የተለያዩ መሠረቶች አሉ። የመጀመሪያው ሻጩ ወይም አምራቹ በፈቃዱ የሰጠው የውል ዋስትና ሲሆን ይዘቱን የሚወስነው ሰነዱ ራሱ ነው። ሁለተኛው ሕግ በሻጩ ላይ የጣለው ግዴታ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ከጉድለት የነጻ ስለመሆኑ ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ዕቃው በተለምዶ ለሚውልበት አገልግሎት የማይበቃ ከሆነ፣ ወይም በውሉ በግልጽም ሆነ በዝምታ የታሰበው ባሕርይ ከሌለው ጉድለት እንዳለበት ይቆጠራል። ስለዚህ የዋስትና ደብተር ያልተሰጠው ገዢ መብት አልባ አይደለም። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ደብቆ ከሆነም ከኃላፊነት ነጻ የሚያደርገው የውል ቃል አያድነውም።

ከዚህ በተጨማሪ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማቹ የተለየ ጥበቃ ይሰጣል። በአዋጁ መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና እውነተኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። በግዢው ምክንያት ጉዳት ከደረሰበትም በአቅርቦቱ ሒደት የተሳተፉትን አምራች፣ አስመጪ፣ ጅምላ ሻጭ ወይም ቸርቻሪ በአንድነትም ሆነ በተናጠል ካሣ መጠየቅ ይችላል። «እኛ አሻሻጭ ብቻ ነን፣ አስመጪውን ጠይቁ» የሚለው የተለመደ መልስ በዚህ ረገድ ብዙም አያስኬድም።

እዚህ ላይ ቀድሞ መጤን ያለበት ነጥብ አለ። አዋጁ ሸማች የሚለው ለግል ወይም ለቤተሰብ ፍጆታ ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚገዛን የተፈጥሮ ሰው ነው። በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስም የተገዛ ተሽከርካሪ ከዚህ ትርጓሜ ውጭ ይሆናል። በግለሰብ ስም የተገዛ ሆኖ ለትራንስፖርት ሥራ በተሰማራ ተሽከርካሪ ላይም ሻጩ «ገዢው ሸማች አይደለም» የሚል ክርክር ሊያነሳ እንደሚችል መጠበቅ ይገባል። በሁለቱም ሁኔታዎች የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሽያጭ ድንጋጌዎች እንደጸኑ ስለሚቆዩ አቤቱታው ከጅምሩ በእነርሱም ላይ ቢመሠረት ይመረጣል።

ዋስትናውን የሰጠው ማን ነው?

አብዛኛው አለመግባባት የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ በመደረጉ በገበያው ላይ የሚገኙት አዳዲስ መኪኖች በብዛት የኤሌክትሪክ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ገሚሶቹ አምራቹ በኢትዮጵያ በወከለው ድርጅት በኩል፣ ሌሎቹ ደግሞ ከአምራቹ ጋር ውል በሌላቸው አስመጪዎች በኩል የገቡ ናቸው። መኪናው አንድ ዓይነት፣ ዓርማውም አንድ ሊሆን ይችላል። ዋስትናው ግን አንድ አይደለም። ለቻይና የአገር ውስጥ ገበያ ተሠርቶ በሦስተኛ ወገን የገባ መኪና የፋብሪካ ዋስትናው በተለምዶ ከዚያ ገበያ ውጭ አያገለግልም፤ በአዲስ አበባ ያለው የአምራቹ ወኪልም ያልሸጠውን መኪና በነጻ የመጠገን የውል ግዴታ የለበትም።

በመሆኑም ሻጩ «ባትሪው የስምንት ዓመት ዋስትና አለው» ሲል ገዢው የሚጠይቀው ስለ ዓመቱ ብዛት ብቻ መሆን የለበትም። ዋስትናውን በፊርማና በማኅተም የሚሰጠው ድርጅት ማን እንደሆነ፣ ጥገናው በየትኛው ጋራዥ እንደሚከናወን፣ የዋስትናው ዘመን ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር በጽሑፍ ሊገለጽለት ይገባል። የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም። ዘመኑ መኪናው ከውጭ ከተገዛበት ቀን የሚቆጠር ከሆነ በጉዞ፣ በጉምሩክና በማሳያ ክፍል ያሳለፋቸው ወራት ገዢው ከመረከቡ በፊት ያልቃሉ። ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ከተጻፈ ይህ በግልጽ መመልከት አለበት፤ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አንዳንድ ጊዜ ክርክር አስነስቷል።

የሻንሲ ቁጥሩም መረጃ ይሰጣል። ቁጥሩ 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ሲሆን የመጀመሪያው ፊደል የተሠራበትን አካባቢ ያመለክታል፤ በቻይና የተሠሩ መኪኖች ቁጥር «ኤል» በሚለው የላቲን ፊደል ይጀምራል። ገዢው ይህን ቁጥር ይዞ የአምራቹን ወኪል ቢጠይቅ መኪናው በወኪሉ በኩል የገባ መሆን አለመሆኑን ከግዢው በፊት ማረጋገጥ ይችላል።

አስመጪው የፋብሪካ ዋስትና እንዳለ አድርጎ አስታውቆ ከሸጠና ይህ እውነት ካልሆነ ጉዳዩ ከጥገና ክርክር ያልፋል። ለሸማች የተሳሳተ መረጃ መስጠት በአዋጁ የተከለከለ ስለሆነ በራሱ የአቤቱታ ምክንያት ይሆናል። በማኅበራዊ መገናኛ የተለጠፈው ማስታወቂያ፣ በቴሌግራም የተላከው የዋጋ ዝርዝር፣ በራሪ ወረቀቱ ሁሉ በማስረጃነት ሊቀርቡ ስለሚችሉ ከመሰረዛቸው በፊት ቀናቸው በሚታይበት ሁኔታ ተቀድተው መያዝ አለባቸው።

ጉድለቱ እንደታየ

ሕጉ ገዢው የተረከበውን ዕቃ ዕድሉን እንዳገኘ እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅና የጉድለቱን ዓይነት እንዲገልጽ ያስገድዳል። ይህን ያላደረገ ገዢ መብቱን ሊያጣ ይችላል። በስልክ መናገር ወይም መኪናውን ወስዶ ለመካኒኩ ማሳየት በቂ የሚመስላቸው አሉ፤ ከወራት በኋላ ሻጩ «አልተነገረኝም» ሲል ግን የሚያስረዱበት ነገር አያገኙም። ማስታወቂያው በደብዳቤ ሆኖ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የተነዳውን ኪሎ ሜትር፣ ብልሽቱ መቼና እንዴት እንደታየ፣ በመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ የበራውን ምልክት ወይም የወጣውን የስሕተት ቁጥር መያዝ ይኖርበታል። ደብዳቤው በድርጅቱ መዝገብ ቤት ገቢ ተደርጎ፣ ቅጂው ላይ ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም እንዲያርፍበት መጠየቅ ያስፈልጋል። ድርጅቱ አልቀበልም ካለ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ መላክ ይቻላል።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበት ዕቃ እንዲለወጥ ወይም ዋጋው እንዲመለስ ለመጠየቅ የ15 ቀን ጊዜ ያስቀምጣል፤ በውልም ሆነ በሌላ ሕግ ለሸማቹ የተሻለ መብት ካለ ያው እንደተጠበቀ ነው። ጊዜው አጭር በመሆኑ ገዢው ከግዢው ቀን ጀምሮ ቢቆጥረው ለክርክር በር አይከፍትም። በሌላ በኩል የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2298 ገዢው በጉድለት ምክንያት ያለውን መብት ለሻጩ ካስታወቀበት ቀን አንስቶ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲጠይቅ ያዛል፤ ሻጩ በተንኮል ካላሰናከለው በቀር ይህ ዓመት ካለፈ መብቱ ይቋረጣል። ተዋዋዮች በውል ይህን ጊዜ ማሳጠር አይችሉም።

ብዙ ገዢዎች የሚጎዱት በዚህ አንድ ዓመት ነው። «መለዋወጫው ታዟል፣ በመርከብ ላይ ነው፣ በሚቀጥለው ወር ይምጡ» እየተባለ ጊዜው ይነጉዳል፤ ተስፋ ሲሰጥ የቆየው ድርጅት ኋላ ላይ ይርጋን መቃወሚያ አድርጎ ይቀርባል። ቀጠሮ የተሰጠው ገዢ ቀጠሮውን በጽሑፍ ያስደርግ፤ ዓመቱ ከመሙላቱ በፊትም ክሱን ወይም አቤቱታውን ያቅርብ።

ሻጩ ጥያቄውን የሚቃወምባቸው ምክንያቶች

ተቃውሞው በቃል ብቻ ሲሆን ገዢው በመጀመሪያ ምክንያቱ ከዋስትናው አንቀጽ ጋር ተጠቅሶ በጽሑፍ እንዲሰጠው መጠየቅ አለበት። ምክንያቱ አንዴ በጽሑፍ ከተሰጠ ሻጩ በየጊዜው እየቀያየረ እንዳይከራከር ያግዳል።

ዘወትር ከሚነሱት አንዱ መኪናው በሌላ ጋራዥ ሰርቪስ ተደርጓል የሚለው ነው። ሌላው ተጨማሪ ዕቃ ተገጥሞበታል፣ ወይም የማሳያው ቋንቋ ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ እንዲለወጥ ሶፍትዌሩ ተነካክቷል የሚል ነው። በእነዚህ ላይ የሚነሳው ዋና ጥያቄ ገዢው ያደረገው ነገር ለብልሽቱ ምክንያት ሆኗል ወይ የሚለው ነው። የማሳያ ቋንቋ መለወጥ የፍሬን ወይም የመሪ ክፍልን እንዴት እንዳበላሸ ማሳየት ለሻጩ ቀላል አይሆንም። ሆኖም የውሉ ቃል ጥብቅ ከሆነ ክርክሩ ሊከብድ ስለሚችል በዋስትና ዘመን እንዲህ ያለውን ሥራ ሻጩ በጽሑፍ ሳይፈቅድ አለማሠራት ይሻላል። መደበኛ ሰርቪስን በተመለከተ የተደረገው ሁሉ በቀንና በኪሎ ሜትር በደብተሩ ላይ ሊመዘገብ፣ ደረሰኙም ሊቀመጥ ይገባል።

በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ክርክሩ የሚከረው በዋናው ባትሪ ነው፤ ዋጋው ከመኪናው ዋጋ ከፍተኛውን ድርሻ ይይዛልና። ብዙ አምራቾች የባትሪው የመያዝ አቅም በዋስትናው ዘመን ውስጥ ከ70 በመቶ በታች ከወረደ እንጠግናለን ወይም እንለውጣለን ይላሉ። ገዢው ብዙ ጊዜ የሚያቀርበው ማስረጃ «ሲገዛ 400 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር፣ አሁን 280 ብቻ ይሄዳል» የሚል ነው። ይህ በቂ አይደለም። በአንድ ሙሌት የሚሄደው ርቀት በዳገት፣ በጭነት፣ በፍጥነትና በአየር ማቀዝቀዣ አጠቃቀም ይለዋወጣል፤ በማሳያው ላይ የሚወጣው ቁጥርም ግምት ነው። የሚያስፈልገው የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ የሚያሳይ የኮምፒውተር ምርመራ ውጤት ነው፤ ምርመራው የተደረገበት ቀን፣ ኪሎ ሜትሩና የሻንሲ ቁጥሩ በወረቀቱ ላይ መስፈር አለባቸው። እንደ ማንኛውም መኪና የሚያገለግለው ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ለብቻው አጭር ዋስትና ያለው በመሆኑ ከዋናው ጋር መምታታት የለበትም። መኪናው አልነሳም ያለው በእርሱ ምክንያት ብቻ ሊሆን ይችላል።

የባትሪው ማቀፊያ ከሥር ተመቷል፣ ወይም ውኃ ገብቶበታል የሚለው ተቃውሞም በክረምት ይበረታል። እንዲህ ሲባል የመኪናው ሥር ሳይፈታና ሳይታጠብ በፎቶግራፍ እንዲመዘገብ፣ ማቀፊያው ሲከፈትም ገዢው ወይም የመረጠው ባለሙያ እንዲገኝ በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው። ገዢው በራሱ ሥልጣን በሌላ ጋራዥ ካስከፈተው ግን ማስረጃውን ራሱ ያበላሸዋል። የጭረት ምልክት መኖሩ ብቻ ብልሽቱ ከውጭ ምት የመጣ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ጭረቱና የተበላሸው ክፍል አንድ ቦታ መሆናቸውም መታየት አለበት።

ደረሰኝና የተከፈለ ዋጋ

ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ወዲያውኑ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። በተሽከርካሪ ገበያ በደረሰኙ ላይ ከተከፈለው ያነሰ ዋጋ የሚጻፍበት ልማድ ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ ዋጋው እንዲመለስ በተጠየቀ ጊዜ ገዢውን መልሶ ይመታዋል፤ ሻጩ እመልሳለሁ የሚለው በደረሰኙ የሠፈረውን ነውና። ልዩነቱን ሊያስረዳ የሚችለው በባንክ የተደረገ ክፍያ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ከነጋዴ ሳይሆን በውክልና ከሚሸጥ ግለሰብ «ዜሮ ኪሎ ሜትር» ተብሎ የተገዛ መኪናም የሻጩን ማንነት ማስረዳት ያስቸግራል። ውሉ በተወካዩና በእውነተኛው ባለቤት መካከል ያለውን ግንኙነት ማሳየት አለበት።

አቤቱታ የሚቀርብበት ሁኔታ

ሻጩ በጽሑፍ እምቢታውን ከገለጸ፣ ወይም በደብዳቤው የተሰጠው ምክንያታዊ ጊዜ ያለ መልስ ካለፈ ሸማቹ ግዢው በተፈጸመበት ክልል ወይም ከተማ አስተዳደር ንግድ ቢሮ፣ ወይም በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የሸማቾች ጉዳይ ክፍል አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ቀድሞ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ያከናውናቸው የነበሩ ተግባራት በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 በተደረገው የአስፈጻሚ አካላት አደረጃጀት ወደ ሚኒስቴሩ ተዛውረዋል።

ከአቤቱታው ጋር የሽያጭ ውሉ፣ ደረሰኙ፣ የዋስትና ሰነዱ፣ የሊብሬው ቅጂ፣ የሰርቪስ መዝገቡ፣ ለሻጩ የተሰጠው ማስታወቂያና የሻጩ መልስ ይያያዛሉ። አቤቱታው የሚጠይቀውን በግልጽ ይናገር። «ፍትሕ ይሰጠኝ» የሚል ማመልከቻ ለማንም አያመችም፤ መኪናው በነጻ እንዲጠገን፣ እንዲለወጥ፣ ወይስ ውሉ ፈርሶ ዋጋው እንዲመለስ እንደሚፈለግ መለየት አለበት። ለኪራይ የወጣ ወጪ ወይም ሌላ ጉዳት ከተጠየቀ ሰነዱ ይቅረብ። ለአንድ ትንሽ ክፍል ብልሽት የመኪናው ዋጋ እንዲመለስ መጠየቅ በአብዛኛው አይሳካም፤ ተደጋግሞ ተጠግኖ ያልዳነ ወይም ለደኅንነት የሚያሰጋ ብልሽት ግን ለውል ማፍረስ የሚበቃ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

አቤቱታ መቅረቡ ፍርድ ቤት የመሄድ መብትን አያስቀርም። በአስተዳደር በኩል የተጀመረው ጉዳይ እየተጓተተ ከላይ የተገለጸው የአንድ ዓመት ጊዜ የሚያልቅ ከሆነ ገዢው የሕግ ባለሙያ አማክሮ ክሱን በጊዜው መመሥረት አለበት። ፍርድ ቤቱ የብልሽቱን ምክንያት በገለልተኛ ባለሙያ እንዲጣራ ሊያዝ ስለሚችል መኪናው እስከዚያው ባለበት ሁኔታ ቢቆይ ይመረጣል። ብልሽቱ እያለ መንዳት ጉዳቱን ካባባሰ የተባባሰው ክፍል በገዢው ላይ ይወድቃል።

በባንክ ብድር የተገዛ ተሽከርካሪ ከሆነ ክርክሩ ብድሩን አያቆመውም፤ ወርኃዊ ክፍያው ይቀጥላል። ሊብሬው በዕዳ ተይዞ ስለሚቆይ መኪናውን ለመለወጥ ወይም ለመመለስ ስምምነት ከተደረሰ ባንኩ አስቀድሞ በጽሑፍ ሊያውቀውና ሊስማማበት ይገባል። በቻይንኛ ወይም በሌላ የውጭ ቋንቋ የተጻፉ የዋስትና ሰነዶችም ለፌዴራል ፍርድ ቤት ከመቅረባቸው በፊት ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ወደ አማርኛ ተተርጉመው ከዋናው ጋር መያያዝ ይኖርባቸዋል።