ጣሳ የተሰቀለበት ደጅ፤ የአራዳ የመጠጥና የምግብ ቤቶች ታሪክ

የአዲስ አበባን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስለ ቤተ መንግሥቱ፣ ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ስለ ባቡር ጣቢያውና ስለ ሌጋሲዮኖቹ ብዙ ብለዋል። ስለ ከተማይቱ የመብልና የመጠጥ ቤቶች ሲነሣ ግን ነገሩ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ስሞች አያልፍም፤ አንደኛው እቴጌ ሆቴል፣ ሁለተኛው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ነው። ሁለቱም ሊጠቀሱ ይገባል። ነገር ግን ከሁለቱም በፊት የነበረ፣ ከሁለቱም ጋር ጎን ለጎን የኖረ፣ ከሁለቱም ታሪክ ውስጥ ግን የተዘለለ አንድ ቤት አለ። እርሱም በደጁ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ የሚታይበት ጠላ ቤት ነው። ይህ ጽሑፍ ኋላ ፒያሳ የተባለውን የአራዳን የመጠጥና የምግብ ቤቶች ታሪክ ከዚያ ጣሳ ተነሥቶ ለመመልከት ይሞክራል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር ሰው ከቤቱ ውጭ የሚበላውና የሚጠጣው በአብዛኛው በሁለት ወግ ነበር፤ በግብርና በእንግድነት። መንገደኛ በመሸበት ደጅ ‹‹የእግዜር እንግዳ›› ብሎ ያድራል፤ ያሳደረው ሰው ዋጋ አይጠይቅም፤ እንግዳው ልክፈል ቢል እንደ ስድብ ይቈጠርበታል። በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ደግሞ በግብር ቀን በሺህ የሚቈጠር ሰው በየማዕርጉ እየገባ ይበላ ነበር። ከእንጀራው ይልቅ ማዕርግን የሚለየው መጠጡ ነው። ማር ለገዥዎች በግብር መልክ ይገባ ስለ ነበረ ጠጅ የመኳንንት መጠጥ ሆኖ ኖረ። ጠላ ግን ገብስና ጌሾ ባለበት ቤት ሁሉ ይጠመቃል። ለሠርግ፣ ለተስካር፣ ለሰንበቴና ለጽዋ ማኅበር የሚቀርበው እርሱ ነው፤ ለመጥመቁም የማንም ፈቃድ አያስፈልግም ነበር።

ይህ ወግ በአዲሲቱ ከተማ እንደ ነበረ ሊቀጥል አልቻለም። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ ከሩቅ አገር የመጣ ነጋዴ፣ ቤተሰቡን በአገሩ የተወ ወታደር፣ ጉልበቱን የሚሸጥ ወጣት በየዕለቱ ይሰበስብ ነበር። እነዚህ ሰዎች በከተማው የሚያበላቸው ዘመድ አልነበራቸውም። በሌላው ወገን ደግሞ ባሏ የሞተባት፣ ትዳሯ የፈረሰባት፣ ርስት ያልደረሳት ሴት ወደ ከተማ ስትገባ ይዛው የምትመጣው አንድ ሙያ ነበር። ጋን፣ ምድጃና ሁለት መደብ ካገኘች ሙያዋን ወደ ንግድ ለመለወጥ የማንንም ብድር አትጠብቅም። ስለዚህ ጠላ ቤትን ያቆመው አዋጅ ወይም ባለሀብት አይደለም፤ ዘመድ የሌለው ጠጪና ርስት የሌላት ጠማቂ ተገናኝተው ያቆሙት ቤት ነው። ከተማይቱም የልዩ ልዩ አገር ሰዎች መሰብሰቢያ ስለ ነበረች የትግራዩን ሰዋ፣ የኦሮሞውን ፋርሶ፣ የጎንደሩን ቆረፌ፣ የደቡቡን ቦርዴ የሚያውቅ አፍ ሁሉ በአንድ መደብ ላይ ይቀመጥ ነበር።

ስለ ሙያው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ጠላ ‹‹በቤት ውስጥ የሚሠራ መጠጥ›› ተብሎ ብቻ ይታለፋል። ጋኑ አስቀድሞ በግራዋ ቅጠል እየተፈተገ ይታጠባል፤ ከዚያም በወይራ ጢስ ይታጠናል። ጢሱ ለመዓዛ ብቻ አይደለም፤ ካለፈው ጠላ ተርፎ አዲሱን የሚያበላሸውን ነገር ለማጥፋትም ይረዳል። የተወቀጠ ጌሾ በውኃ ተዘፍዝፎ ጥቂት ቀን ሲሰነብት ጥንስስ ይባላል። በዚያ ላይ የብቅል ዱቄትና ተጋግሮ የተቈራረሰ ቂጣ፣ እንደየአገሩም አሻሮ ወይም እንኩሮ ይጨመርና ድፍድፍ ይሆናል። ድፍድፉ ሲደርስ በውኃ ይቀጥናል፤ ጋኑም ተከድኖ አፉ ይመረጋል። እርሾ ከውጭ ተገዝቶ አይገባም፤ ጋኑ፣ እህሉና ጌሾው የያዙት ይበቃል። ሳይጠል የሚቀርበው ጉሽ ነው፤ በተረፈው ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚወጣው ቀጭኑ ደግሞ ቅራሪ ይባላል፤ አተላውም ለከብት ይሰጣል እንጂ አይጣልም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ በጽሑፍ የሰፈረ መጠን የለም። ብቅሉ ስንት ቀን ይሰንብት፣ አሻሮው ምን ያህል ይጥቈር፣ በክረምት ብርድ ጋኑ መቼ ይከፈት የሚለውን የሚያውቁት የጠማቂዋ እጅና አፍንጫ ናቸው። የአንዲት ሴት ጠላ ከጎረቤቷ ጠላ አይገጥምም፤ ጠጪው ሠፈር አቋርጦ የሚሄደውም ለዚሁ ነው። ማስታወቂያዋ በደጇ የሰቀለችው ጣሳ ብቻ ነው። ጣሳው ከተሰቀለ ጠላው ደርሷል፤ ከወረደ አልቋል።

እንግዲህ እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን ያቆሙት በእንዲህ ያለ ከተማ መካከል ነው። ከ1898 እስከ 1900 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ተሠርቶ የተከፈተው ይህ ቤት በአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ነው። ስለ አከፋፈቱ የሚነገረው ታሪክ የታወቀ ነው፤ ሰው በገንዘብ ገዝቶ መብላትን ነውር አድርጎ ስለ ቈጠረ ሆቴሉ ገበያ አጣ፤ አጼ ምኒልክም መኳንንታቸውን አስከትለው ገብተው በሉ፤ ከበሉም በኋላ ሒሳብ ከፍለው ለሌላው አርኣያ ሆኑ ይባላል። ታሪኩ ያማረ ነው፤ እንደ ተባለው ሆኖም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ከሆቴሉ ጥቂት ርምጃ ወረድ ብሎ ወታደሩና ነጋዴው ለጠላው ሲከፍል ነውር ካልነበረ፣ ነውሩ መክፈሉ ላይ ነበር ወይስ መኰንን ሲከፍል መታየቱ ላይ? በእኛ አስተያየት በገንዘብ መጠጣትን ለከተማው ያስተማረው ሆቴሉ አይደለም። ሆቴሉ ያደረገው በድኻው ዘንድ የተለመደውን ነገር ለጌታው እንዲፈቀድ ማድረግ ነው። ይህም ቢሆን ቀላል ሥራ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ለመከተል የከተማው ሰው የሚናገራቸውን ቃላት መመልከት ይጠቅማል፤ ቃላቱ ከብዙ ሰነድ የበለጠ ይመሰክራሉና። ‹‹ሆቴል›› የሚለው ቃል አልጋ ወደሌለው ቤት ተሻገረ፤ ሽሮና ጥብስ የሚሸጥ ባለ ሦስት ጠረጴዛ ቤት ሁሉ ሆቴል ተባለ። ‹‹ግሮሰሪ›› የውጭ አገር ሸቀጥ መሸጫ ስም ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ግን ሰው ቆሞ ወይም በረጅም ወንበር ተቀምጦ የሚጠጣበት ትንሽ ቤት ማለት ነው። የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች መደብር ከጨው ዓሣው ጎን ጠርሙስም ይደረድር ነበርና፣ ደንበኛው ጠርሙሱን ወደ ቤቱ ከመውሰድ ይልቅ እዚያው መክፈትን ስለ መረጠ ስሙ ከጠርሙሱ ጋር ቀርቶ ሳይሆን አይቀርም። ‹‹ቡና ቤት›› ደግሞ ከሁሉ ይደንቃል፤ ቡና ፍለጋ ወደዚያ የሚገባ ሰው ጥቂት ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። በእነዚህ ስሞች ሁሉ ውስጥ ባለቤቷን በቀጥታ የሚያመለክት የለም፤ እርሷን ለይቶ የሚጠራ ቃል ‹‹ኮማሪት›› ነው፤ እርሱም ከጊዜ ብዛት ወደ ስድብ አዘነበለ።

ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የውጭ ዕቃ በብዛት መጣ፤ በ1915 ዓ.ም. ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ተቋቋመ። ቢራ የደመወዝተኛ መጠጥ ሆነ። ድራፍት የሚቀዳበት ትልቁ ብርጭቆ ‹‹ጃምቦ›› ተብሎ የራሱን ስም አገኘ። ፋብሪካው በ1967 ዓ.ም. ተወረሰ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለፈረንሳይ ኩባንያ ተሸጠ፤ ከዚያም ወዲህ የተነሡት ፋብሪካዎች ብዙ ናቸው። ገበያውን ለመካፈል ያደረጉት የማስታወቂያ ሽሚያ እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የአልኮል መጠጥን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅን ከለከለ። ጣሳውን የነካው አልነበረም።

በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ኢጣሊያኖች የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው መርካቶ አሉት፤ አራዳም ፒያሳ ተባለ። ከነጻነት በኋላ ሲኒማው፣ ኬክ ቤቱ፣ የማኪያቶው ባንኮኒ ደመቀ፤ ቶሞካም በ1940ዎቹ ቡና መቁላት የጀመረው በዚሁ ሠፈር ነው። ወረድ ብሎ በደጃች ውቤ ሠፈር፣ ኋላ ‹‹ውቤ በረሃ›› በተባለው፣ የቡና ቤቶቹ ሙዚቃና ጭፈራ ሌሊቱን ይሞላ ነበር። ስለዚያ ዘመን የተጻፈው ትዝታ ብዙ ስለ ሆነ እዚህ አንደግመውም። የሚጽፉት ወንዶች ጠጪዎች እንደ ሆኑ ብቻ ማስታወስ ይበቃል።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ሁለት ነገሮች ተከተሉ። ሰዓት እላፊው ሌሊቱን ዘጋው፤ አንዳንድ ቤት እንግዶቹን ከውስጥ ቈልፎ እስከ ንጋት ማቆየትን ለመደ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታና የትርፍ ቤት አዋጅ ደግሞ ማንም ያላሰበው ውጤት ነበረው። የፒያሳ ጓዳ ጓዳ ቤቶች የቀበሌ ቤት ሆኑ፤ ኪራያቸውም በጥቂት ብር ቀረ። መሬቱ በከተማው እምብርት ሆኖ እያለ ጠላ ሻጭ፣ ጠጅ ሻጭ፣ ሽሮ ሻጭ ከስፍራቸው ሳይነቀሉ ሌላ አምሳ ዓመት ሊቈዩ የቻሉት በዚህ ኪራይ ምክንያት ነው። ቤቶቹ ጥገና ያላገኙትም በዚሁ ምክንያት ነው።

በሌላ አገር ነገሩ በተቃራኒው ሄዷል። በእንግሊዝ አገር በመካከለኛው ዘመን በየመንደሩ ቢራ የሚጠምቁት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ፤ ንግዱ ሲሰፋና ካፒታል ሲጠይቅ ወደ ወንዶች እጅ አለፈ። በአሜሪካ ደግሞ ትላልቅ ፋብሪካዎች ትንንሾቹን ስለ ዋጡ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በመላ አገሪቱ የቀሩት ቢራ ጠማቂ ድርጅቶች ከ100 በታች ነበሩ። በ1978 በቤት መጥመቅ በፌዴራል ሕግ ተፈቀደ፤ ከዚያም ትንንሽ ጠማቂዎች እየበዙ ዛሬ ከ9,000 በላይ ሆነዋል። በዴንቨር ከተማ መካከል በ1988 በአሮጌ መጋዘን ውስጥ ዊንኩፕ የተባለ ቢራ ጠማቂና ምግብ ቤት ተከፈተ፤ በዙሪያው የተተወው ሠፈር ነፍስ ዘራ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ጆን ሂከንሉፐር በ2003 የከተማይቱ ከንቲባ ሆነ። በዚያች ከተማና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ‹‹በአነስተኛ መጠን፣ በእጅ የተጠመቀ›› የሚለውን ጽሑፍ ለተሸከመ ብርጭቆ ብዙ ዶላር ሲከፍሉ፣ ከእነርሱ መካከል ስንቱ በጠላ ሽያጭ ተምሮ ያደገ ይሆን ብሎ መጠየቅ አይከለከልም።

ይህን የምንለው ለማሽሟጠጥ አይደለም። ‹‹እናቴ ጠላ ሸጣ አስተማረችኝ›› የሚለው ቃል በአገራችን ምሁራን አንደበት የተለመደ ነው። ይሁንና ሰሚው የሚያደንቀው መከራዋን እንጂ ጥበቧን አይደለም። ጠላዋ የማን ጠላ ይበልጥ እንደ ነበር፣ ማን እንዳስተማራት፣ ጌሾዋን ከየት ታስመጣ እንደ ነበር የሚጠይቅ የለም። የሆቴሉን መሥራች ስም እናውቃለን፤ ፋብሪካው የተቋቋመበትን ዓመት እናውቃለን። በአራዳ ጣሳ ከሰቀሉት ሴቶች ግን የአንዷን እንኳ ስም ከመጽሐፍ ማውጣት ያዳግታል።

ጉዳዩ አጣዳፊ የሆነውም ስፍራው ራሱ ስለ ጠፋ ነው። እቴጌ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት በተጐዳ ጊዜ ከተማው ሁሉ ደነገጠ፤ ድንጋጤውም ተገቢ ነበር። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ግን ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ አሮጌ መንደሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ ከጭቃ ግድግዳው ጋር የሄዱትን ምድጃዎች የቈጠረ ሰው የለም። መንደሩ ሽንት ቤትና ውኃ የቸገረው፣ ለእሳት የተጋለጠ እንደ ነበር የኖረበት ያውቃል፤ እንደ ነበረ ይቅር የሚል ክርክር እዚህ አናነሣም። ነገር ግን ከማፍረሱ በፊት ለሚዛወሩት ጠማቂዎች አንድ መዝገብ፣ አንድ መቅረጸ ድምፅ ቢቀርብላቸው ምን ያህል ነገር ይተርፍ ነበር?

ብዙዎቹ ተነሺዎች በከተማው ዳርቻ በሚገኙ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ገብተዋል። በአራተኛ ፎቅ ላይ ጋን በወይራ ማጠን አይቻልም፤ ጢሱ ጎረቤት ያስቈጣል፤ አተላውንም የሚወስድ ባለ ከብት በአጠገብ የለም። ከሕንፃዎቹ መካከል ግን ለድግስ፣ ለማረድና ለማብሰል ተብሎ የተሠራ አንድ ዝቅተኛ የጋራ መገልገያ ቤት አለ። የሠርግና የተስካር ጠላ አሁን የሚጠነሰሰው እዚያ ነው። ቁልፉ በኮሚቴው እጅ ሲሆን፣ የሚያስፈልጋት ሴት በደብተር ተመዝግባ ተራዋን ትጠብቃለች።