ሆርሞን፣ ጂንና የአንጎል ኃይል፦ ከሐይቅ ቆሮሶ አንጻር

ከአምባሰል ጎን በሚገኘው የሐይቅ ከተማ ሐይቅ ውስጥ የሚጠመደው ቆሮሶ ነባር ዓሣ አይደለም፤ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ገብቶ የተራባ ነው። ዓሣ አርቢ ስለ ቆሮሶ ሲጠየቅ የሚያነሣው ኪሎን ነው። ወንዱ ፈጥኖ ስለሚወፍር፣ ጫጩቶችን ሜቲል ቴስቶስቴሮን የተባለ ሆርሞን በተቀላቀለበት መኖ ለ3 ወይም ለ4 ሳምንት መመገብ በብዙ አገር የተለመደ ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንድ ይሆናሉ። የሆርሞኑ ሥራ ግን በመራቢያ አካል አያበቃም።

አሮማቴዝ የተባለ ኤንዛይም ቴስቶስቴሮንን ወደ ኢስትራዲዮል ይለውጣል። ቆሮሶ የዚህ ኤንዛይም ሁለት ጂኖች አሉት፤ አንዱ በዋናነት በዕንቁላል እጢ፣ ሌላው በአንጎል ይሠራል። የአጥንታም ዓሦች አንጎል ከአጥቢዎች አንጎል ከ100 እስከ 1000 እጥፍ የላቀ የአሮማቴዝ ሥራ ያሳያል። ኤንዛይሙ የሚመረተውም በነርቭ ህዋሶች ሳይሆን፣ አዳዲስ ነርቮችን በሚያፈልቁት፣ ራዲያል ግሊያ በተባሉት ህዋሶች ነው። ኢስትራዲዮል ከተቀባዩ ጋር ተጣምሮ ዲኤንኤ ላይ ሲያርፍ ጂኖችን ይቀሰቅሳል፤ ከእነዚህም አንዱ ይኸው የአንጎል አሮማቴዝ ጂን ስለሆነ፣ ሆርሞኑ የራሱን ሠሪ ያበዛል። ቴስቶስቴሮንን «የወንድ»፣ ኢስትራዲዮልን «የሴት» ብሎ መክፈል እዚህ ብዙም አያስኬድም።

ሆርሞኑ ከአንጎል ኃይል ጋር ያለው ግንኙነት በይበልጥ የተጠናው በአጥቢዎች ነው። የሰው አንጎል ከክብደታችን 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ ከኃይላችን 20 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ኢስትራዲዮል ግሉኮስን የሚያጓጉዙና በማይቶኮንድሪያ ኃይል የሚያመርቱ ፕሮቲኖችን ጂኖች ያነቃቃል። ተመራማሪዎቹ ሊሳ ሞስኮኒና ሮቤርታ ብሪንተን ባደረጓቸው የፔት (PET) የአንጎል ምስል ምርመራዎች፣ ሴቶች የወር አበባ ወደሚቋረጥበት ዕድሜ ሲሸጋገሩ የአንጎላቸው የግሉኮስ አጠቃቀም ሲቀንስ ታይቷል።

ወደ ሐይቁ እንመለስ። ሴቷ ቆሮሶ ዕንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ስለምትይዝ በዚያ ሰሞን እምብዛም አትመገብም። እንግዲህ ወንዱ የሚቀድማት ይህን ዋጋ ስለማይከፍል ብቻ ነው ወይስ ሆርሞኑ በአንጎሉ ውስጥ የምግብ ፍላጎትን የሚመሩ ጂኖችንም ስለሚለውጥ? በእኔ አስተያየት፣ ዕንቁላል የያዙ ሴቶችን፣ ያልያዙትንና ወንዶችን ለይቶ የአንጎል አሮማቴዝ ጂንን እንቅስቃሴ የኃይል ክምችት ከሆነው የጉበት ስብ ጋር አብሮ መለካት የመጀመሪያው እርምጃ ነው። በዚህ ልኬት ሙቀት ያሳስታል ብሎ የሚሰጋ ይኖራል፤ ከ34 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀት በዘር ሴት የሆኑ ጫጩቶችን ወንድ ሊያደርግ ይችላል፤ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር በላይ ያለው ይህ ሐይቅ ግን እንዲህ ስለማይሞቅ፣ በዓሦቹ መካከል የሚገኘውን ልዩነት በዚህ የጾታ ለውጥ ማሳበብ የሚያስኬድ አይመስልም።