ምኒልክ ያላዩት ባቡር

ሰው «በሕይወት ዘመኔ ባየው» ብሎ የሚመኘው የቴክኖሎጂ ውጤት ብዙውን ጊዜ ገና ያልተፈለሰፈ ነገር ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ምኞት ከዚህ ይለያል። የምድር ባቡር ውል ሲፈራረሙ፣ ባቡር በእንግሊዝ አገር መንገደኞችን ማመላለስ ከጀመረ ስድሳ ዓመት አልፎት ነበር። ጥበቡ የታወቀ ነው፤ መሐንዲሱም በአጠገባቸው ነበር። ሆኖም ንጉሠ ነገሥቱ በ1913 ሲያርፉ (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሐዲዱ አዲስ አበባ አልደረሰም። የደረሰው በ1917፣ ውሉ በተፈረመ በሃያ ሦስተኛው ዓመት ነው።

ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ወደ ሸዋ የመጣው በ1879 ነበር። ወደ ቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ አስገባ። ስልክም ገባ፤ ሰው ሳይታይ ድምፅ መሰማቱ ካህናቱን አስደንግጦ ነበር ይባላል። ይሁንና ምኒልክ ስልኩን አላስነቀሉም። በዘመናቸው መጨረሻም አውቶሞቢል ለማየት በቅተዋል። ለእነዚህ ሁሉ የአንድ ንጉሥ ፈቃድና መጠነኛ ወጪ ይበቃ ነበር። ባቡሩ ግን በግምጃ ቤቱ ያልነበረ ገንዘብ ይጠይቃል።

ስለዚህ በ1894 ለኢልግ ለ99 ዓመት የሚጸና የኮንሴሲዮን ውል ተሰጠው። እርሱና ፈረንሳዊው ነጋዴ ሌዮን ሸፍኔ በ1896 ኩባንያ አቋቋሙ፤ በተከታዩም ዓመት ሥራው ከጅቡቲ ተጀመረ። ስሌቱ ቀላል ይመስል ነበር፤ የአውሮፓ ባለ ገንዘቦች አክሲዮን ይገዛሉ፣ ባቡሩ ከወር በላይ የሚፈጀውን የሲራራ ጉዞ ይተካል፣ ገቢውም ዕዳውን ይከፍላል።

ገንዘቡ ግን በታሰበው መጠን አልተገኘም። በረሃውን ማቋረጡ ብዙ ወጪ አስከተለ፤ ወደ ሐረር ተራሮች መውጣትም እጅግ ውድ ሆኖ ስለተገኘ ሐዲዱ ነባሪቱን የንግድ ከተማ ትቶ በግርጌዋ አለፈ። በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ በደረሰበት ሜዳ ላይ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። የሐረር ነጋዴዎች የደረሰባቸው ጉዳት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ከዚያ በኋላ ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ ምክንያቱም ድንጋይም ወንዝም አልነበረም። ኩባንያው ሲቸገር የእንግሊዝ ባለ ገንዘቦች አክሲዮኑን መግዛት ጀመሩ። ይህ ያሳሰበው የፈረንሳይ መንግሥት በ1902 ከኩባንያው ጋር ተዋውሎ በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለሃምሳ ዓመት ሊደጉም ተስማማ። በምትኩም በኩባንያው ላይ የመቆጣጠር መብት አገኘ። ምኒልክ ለግል ኩባንያ የሰጡት ፈቃድ እሳቸው ሳይጠየቁ ወደ አንድ የቅኝ ገዢ መንግሥት እጅ መግባቱን አዩ። እጅግ ተቆጡ፤ ሐዲዱ ከድሬዳዋ ወዲህ እንዲቀጥልም አልፈቀዱም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ለንደን ላይ ተፈራርመው ኢትዮጵያን በጥቅም ክልል ሲከፋፈሉ፣ እስከ አዲስ አበባ ያለው መስመር የፈረንሳይ ድርሻ ሆነ። ምኒልክ ስለ ሰነዱ የተነገራቸው ከተዘጋጀ በኋላ ሲሆን፣ ሉዓላዊነታቸውን እንደማይገድብ አስታውቀው መለሱ። በ1907 ኩባንያው ከሰረ። በ1908 አዲስ ውል ለሐኪማቸው ለዶክተር ቪታሊየን ተሰጠ፤ በሚከተለው ዓመትም አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው ቀጠለ። በዚያን ጊዜ ግን ንጉሠ ነገሥቱን ሕመም ጥሏቸው ነበር።

እንቢታቸው ባቡሩን ለማየት የነበራቸውን ዕድል አሳጥቷቸዋል። ተሳስተው ነበር? በእኔ አመለካከት በ1902 አልተሳሳቱም፤ ዐድዋ ላይ የተዋጉለትን ነጻነት በሐዲድ በኩል አሳልፎ መስጠት አይቻልም ነበር። ስሕተት ካለ ያለው በ1894 ነው። ሥራው የማን ገንዘብ እንደሚያስፈልገው፣ ያም ገንዘብ ሲያልቅ አክሲዮኑ በማን እጅ እንደሚወድቅ የሚቆጣጠሩበት መንገድ አልነበራቸውም። ሐዲድ መዘርጋትን የሚያውቅ ሰው ነበራቸው፤ የፓሪስንና የለንደንን የገንዘብ ገበያ አካሄድ የሚያነብላቸው ግን አልነበረም። ዛሬ በእነዚሁ ከተሞች በባንክና በሕግ ቢሮ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ቁጥራቸው ቀላል አይደለም፤ ስለ አገራቸው ቴክኖሎጂ ስንጨዋወት ግን ወሬያችን ሁልጊዜ ስለ ማሽኑ ነው።

አሮጌው ባቡር አገልግሎቱን ካቆመ በኋላ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር በ2016 ተመረቀ። ግንባታው ዓመታትን እንጂ አሥርተ ዓመታትን አልፈጀም፤ ያስመረቁትም ያስጀመሩት ባለሥልጣናት ባይሆኑ እንኳ ዘመነኞቻቸው ነበሩ። ገንዘቡ በአብዛኛው ከቻይና የኤክስፖርትና ኢምፖርት ባንክ የተገኘ ብድር ነው። መስመሩ የንግድ አገልግሎት በጀመረበት በ2018 ኢትዮጵያ ብድሩን ለመመለስ የተሰጣት ጊዜ አልበቃትም፤ በዚያው ዓመት የመክፈያው ጊዜ ከአሥር ዓመት ወደ ሠላሳ ዓመት እንዲራዘም ስምምነት ተደረሰ።